የቤቱ ልጅ መንጃ ፈቃዱ ቢታገድ አንቺን ምን አገባሽ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መንጃ ፈቃድ ነው። «እኛ መቼ መኪና ነዳንና ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት መሪ ይዤ አላውቅም። ግን መኪና ውስጥ ያልገባሁበት ቀን ጥቂት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ሲደርሱ፣ ዕቃ ሲገዛ፣ ቤተሰቡ ወደ መካ ለዑምራ ሲሄድ፣ ትንንሾቹን ይዤ ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። መሪውን የሚይዘው ደግሞ ሁልጊዜ ባባ ወይም ሹፌሩ አልነበረም። አንዳንዴ ገና ጢም ያላበቀለው የቤቱ ልጅ ነው።

አሁን በፈቃደኝነት የእህቶችን ስልክ እመልሳለሁ። ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «የቤቱ ልጅ ሩክሳው ተይዞበታል ይላሉ፣ ግን አሁንም የሚያደርሰን እሱ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር እኔ ምን እሆናለሁ?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የልጁ መንጃ ፈቃድ የአባቱና የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አደጋ ሲደርስ የሚጎዳው አካል ያንቺም ነው፣ የሚጠየቀው ቃልም ያንቺ ነው፣ አንዳንዴም ጥፋቱን የሚለጥፉበት ሰው የሚፈለገው ከአንቺ ወይም ከሹፌሩ ነው። ስለዚህ ደንቡን የምናውቀው ልጁን ለመክሰስ ሳይሆን ራሳችንን ለመጠበቅ ነው።

ስንት ዓመት ሲሞላው ነው መንዳት የሚችለው?

የሳዑዲ የትራፊክ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ከዚያ ወዲህ የተሻሻሉ አንቀጾች አሉት። በሕጉ መሠረት የግል መኪና መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። 17 ዓመት የሞላው ልጅ ጊዜያዊ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ ይህ ፈቃድ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው። ለሕዝብ ማመላለሻ መኪና ደግሞ 20 ዓመት ያስፈልጋል።

ሴቶች ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ንጉሥ ሰልማን ሴቶች እንዲነዱ ያዘዙት እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2017 ሲሆን ትእዛዙ ሥራ ላይ የዋለው ሰኔ 24 ቀን 2018 ነው። ስለዚህ ዛሬ የምታደርስሽ የቤቱ ሴት ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ደንቡ አንድ ነው።

ከዕድሜው ሌላ ፈተና ማለፍ፣ የጤና ምርመራ ማድረግ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ መክፈል ያስፈልጋል። በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የተፈረደበት ሰውም ፈቃድ ይከለከላል። የውጭ አገር ሰው ከሆነ ሕጋዊ ኢቃማ ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ 15 ወይም 16 ዓመት የሆነው ልጅ ምንም ዓይነት የመኪና መንጃ ፈቃድ የለውም ማለት ነው። «አባቱ ፈቅዶለታል» ይሉሻል። አባቱ ቁልፉን ሊሰጠው ይችላል፤ መንጃ ፈቃድ ግን አባት አይሰጥም።

ነጥብ እንዴት ይቆጠራል?

በሳዑዲ አንዳንድ ጥፋቶች ከገንዘብ ቅጣቱ ሌላ ነጥብ ያስይዛሉ። ነጥቡ እንደ ጥሩ ውጤት አይደለም፣ እየጨመረ ሲሄድ መጥፎ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ነጥቡ 24 ሲሞላ ፈቃዱ ይታገዳል። ዋና ዋናዎቹን ላስቀምጥላችሁ፦

- ታፍሂጥ፣ ማለትም መኪናን እያሽከረከሩ ጎማ እያጮሁ መጫወት፦ 24 ነጥብ
- መጠጥ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ መንዳት፦ 24 ነጥብ
- ቀይ መብራት መጣስ፦ 12 ነጥብ
- ከትራፊኩ በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳት፦ 12 ነጥብ
- ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ መጨመር፦ 6 ነጥብ
- እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ፦ 2 ነጥብ
- ቀበቶ አለማሰር፦ 2 ነጥብ

እስቲ እናስላው። ታፍሂጥ አንድ ጊዜ ከተያዘ በቂ ነው፣ 24 ሞላ። ቀይ መብራት ሁለት ጊዜ ከጣሰ 24 ሞላ። ስልክ ይዞ ከተያዘ ግን 12 ጊዜ ሊያዝ ይገባል። ስለዚህ «ፈቃዱ ታገደ» የሚለውን ስትሰሚ ልጁ መኪና የት እንዳቆመ ተሳሳተ ማለት እንዳልሆነ ገምቺ። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚገድል ዓይነት ጥፋት አለበት።

ታፍሂጥ የገንዘብ ቅጣቱም ከባድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ 20,000 ሪያል፣ ለሁለተኛ ጊዜ 40,000፣ ለሦስተኛ ጊዜ 60,000 ነው። መኪናውም መጀመሪያ ለ15 ቀን፣ ቀጥሎ ለአንድ ወር ይያዛል፤ በሦስተኛው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ መኪናው እስከ መወረስ ይደርሳል። ይህን የምነግራችሁ አንዳንድ ቤት ውስጥ ድንገት ቁጣ የሚነሳበት፣ ገንዘብ የለም የሚባልበት ምክንያት ይኸው ስለሚሆን ነው።

እገዳው ስንት ጊዜ ይቆያል? ፈቃዱስ እንዴት ይመለሳል?

24 ነጥብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ፈቃዱ ለሦስት ወር ይታገዳል። ለሁለተኛ ጊዜ ከሞላ ስድስት ወር ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አንድ ዓመት። ለአራተኛ ጊዜ ፈቃዱ ይሰረዛል። መታገድና መሰረዝ አንድ አይደለም። የታገደ ፈቃድ ጊዜው ሲያልቅ ይመለሳል፤ የተሰረዘ ግን የለም።

ደግሞ ጥሩ ጎንም አለው። አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ጥፋት ካለፈ የተቆጠረው ነጥብ ይወርዳል። ሕጉ የሚፈልገው ልጁ እንዲታረም ነው፣ ዕድሜ ልኩን እንዲቀጣ አይደለም።

ሦስት ወሩ ሳያልቅ መንዳት ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ቤተሰቦች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። የፕላስቲክ ካርዱ ልጁ ኪስ ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ይነዳል። ነገር ግን ፈቃዱ በትራፊክ መዝገብ ላይ ነው፤ ፖሊስ ሲያስቆመው የሚያየው ካርዱን ሳይሆን መዝገቡን ነው። ባለቤቱም በአብሸር ገብቶ ያየዋል።

የሌላ ሰው ፈቃድ ታግዶ እንደሆነ አንቺ ገብተሽ ማየት አትችይም። ግን ቤት ውስጥ ሲያወሩ ትሰሚያለሽ። «ሩክሳ» መንጃ ፈቃድ ነው። «ሙሩር» ትራፊክ ፖሊስ ነው። «ሙኻለፋ» ቅጣት ነው። «ኑቃጥ» ነጥብ ነው። «ሰሐቡ አርሩክሳ» ካሉ ፈቃዱን ወሰዱበት ማለት ነው። እነዚህን ቃላት ካወቅሽ ብዙ ነገር ይገባሻል።

ሌላም ልብ የምትይው ነገር አለ። ሳሄር የሚባለው የመንገድ ካሜራ የሚያነሳው ታርጋውን ስለሆነ የካሜራ ቅጣት መጀመሪያ የሚመጣው በባለ መኪናው ስም ነው፤ ባለ መኪናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አባትየው ነው። ስለዚህ 16 ዓመት የሆነው ልጅ ለወራት ሲነዳ ማንም ላይይዘው ይችላል። አልተያዘም ማለት ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም።

ለምን በወጣቶች ላይ ይጠብቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል። አዲስ ነጂ አደጋን ቶሎ አያይም፣ ጓደኞቹ ሲያዩት ደግሞ ይፈጥናል። ብዙ አገሮች ለዚህ የተለየ ደንብ አላቸው። በእንግሊዝ ለምሳሌ አዲስ ነጂ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 6 ነጥብ ከደረሰበት ፈቃዱን ያጣና ፈተናውን እንደገና ይፈተናል። ስለዚህ ልጁ ላይ እንዳትነዳ ሲባል ጥላቻ አይደለም፣ በየአገሩ ያለ ነገር ነው።

«እሱ አያደርሰኝም» ማለት ይቻላል?

የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ሠራተኛዋን ጤናዋንና አካሏን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ እንዳያሠራ ይከለክላል። ፈቃድ ከሌለው ወይም ከታገደ ልጅ ጋር በፍጥነት መንገድ ላይ መሄድ አደጋ ነው። መብቱ አለሽ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ማዳም ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ለሁላችንም አይቀልም። ደሞዝ የምትይዝብን አለች፣ የምትጮህብን አለች።

ከሁሉ የሚሠራው መንገድ ጉዳዩን ወደ ልጆቹ ማዞር ነው። እናት ለራሷ ልጆች ትሰማለች። እንዲህ በያት፦ «ማዳም፣ አና ኻይፋ ዐላ ልአውላድ» ማለትም «ማዳም፣ ለልጆቹ እፈራለሁ»። ቀጥሎም «ኸሊ ስሰዋግ ይወዲና» በያት፣ «ሹፌሩ ያድርሰን» ማለት ነው። ሹፌር ከሌለ በስልክ የሚጠራ ታክሲ እንድታዝ ጠይቂያት።

እኔ በሠራሁበት አንድ ቤት ልጁ 16 ዓመቱ ነበር። ሁለቱን ትንንሾች ከትምህርት ቤት እንድናመጣ ከእሱ ጋር ትልከኝ ጀመር። ስልኩን አይኑ ላይ አድርጎ ነው የሚነዳው። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሰው በሌለበት፣ ለማዳም ረጋ ብዬ ነገርኳት። ተቆጣች፣ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሳምንቱ ግን ልጆቹን የሚያመጣ ሹፌር ተቀጠረ። ሁሉም ቤት እንዲህ ያበቃል ማለቴ አይደለም። ግን በሰው ፊት ሳታሳፍሪያት፣ ልጁን ሳትሰድቢ፣ ስለ ትንንሾቹ ብትነግሪያት የመስማት ዕድሏ ይበልጣል።

እምቢ ማለት ካልቻልሽስ? ከመግባትሽ በፊት ለምታምኛት እህት በስልክሽ ያለሽበትን ቦታ ላኪላት። «ከማን ጋር፣ ወዴት» ብለሽ በድምፅ ተናገሪ። ልጁ ሲፈጥን «ሽወይ ሽወይ» በይው፤ ካልሰማ ትንንሾቹ ማስመለስ እንደመጣባቸው ነግረሽ እንዲያቆም አድርጊ። ሲያቆም ማዳም ጋር ደውዪ።

መኪና ውስጥ

ከኋላ ተቀመጪ። ቀበቶሽን ከዐባያሽ በላይ እሰሪ፣ የዐባያሽ ጫፍ በሩ ላይ እንዳይያዝ ሰብስቢው። እርጉዝ ከሆንሽ የታችኛው ቀበቶ ከሆድሽ በታች፣ ዳሌሽ ላይ ይለፍ። ሕፃን በጭን ይዞ ፊት መቀመጥ ከሁሉ የከፋ ነው። መኪና ሲጋጭ የቱንም ያህል ብትወጂው በእጅሽ ልትይዢው አትችይም። በሳዑዲ ሕግ ሕፃን ያለ ሕፃናት መቀመጫ መያዝ ከ300 እስከ 500 ሪያል ያስቀጣል። መቀመጫው ከሌለ «የሕፃን መቀመጫ ይገዛ» ብለሽ ጠይቂ፤ ይህ ጥያቄ ለማዳምም አያስቆጣም።

ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ መኪና ውስጥ መተውም ቅጣት አለው። ልጁ «አንድ ደቂቃ ነው» ብሎ ሱቅ ሲገባ አንቺንም ዕቃ እንድትይዥ ይጠራሻል። አትውረጂ፣ ወይም ትንንሾቹን ይዘሽ ውረጂ። የጅዳን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ የተዘጋ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል።

አደጋ ቢደርስ

መጀመሪያ ራስሽን እዪ፣ ከዚያ ልጆቹን። ሞተሩ ይጥፋ። እሳት ወይም ሌላ መኪና የመምጣት አደጋ ከሌለ አንገቱን ወይም ጀርባውን የተጎዳ ሰው አታንቀሳቅሺ። ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ተጫኚው፤ ሻሽሽም ይሆናል።

ጅዳና መካ ውስጥ 911 ደውዪ። አምቡላንስ ብቻ ከፈለግሽ የቀይ ጨረቃ ቁጥር 997 ነው። የትራፊክ ፖሊስ 993 ነው። ቋንቋው ካስቸገረሽ «ሐዲስ፣ ሙሳብ» በይ፤ «አደጋ፣ የተጎዳ ሰው አለ» ማለት ነው። ቦታውን ለማሳየት በአቅራቢያ ያለ መስጊድ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም ድልድይ ጥሪ።

ኢቃማ የሌለሽ እህት ብትሆኚም ተጎድተሽ ከሆነ ከቦታው ሮጠሽ አትሂጂ። ከውስጥ የሚደማ ሰው መጀመሪያ ደህና መስሎ ይራመዳል፣ ከዚያ ይወድቃል። ሕክምናው ይቅደም።

ሆስፒታል ስትደርሺ ሁሉንም ተናገሪ፤ የሚያምሽን ትንሽ ነገር ሳይቀር። ምክንያቱም የሕክምና ወረቀቱ በሕግ ዋጋ አለው። ታፍሂጥ፣ ቀይ መብራት መጣስ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳት፣ ጠጥቶ መንዳት የመሰለ ጥፋት አድርጎ ሰው የገደለ ወይም አካል ያጎደለ ነጂ እስከ አራት ዓመት እስራትና እስከ 200,000 ሪያል ሊቀጣ ይችላል። የተጎዳው ሰው ለመዳን ከ15 ቀን በላይ ከሚያስፈልገው ደግሞ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና እስከ 100,000 ሪያል ነው። ይህን 15 ቀን የሚጽፈው ሐኪሙ ነው። ስለዚህ «አብጋ ተቅሪር ጢቢ» በይ፣ «የሕክምና ሪፖርት እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለሌላ ሰው ላኪ፤ ስልክሽ ቢወሰድ እንኳ ወረቀቱ አይጠፋም።

ቤት ከተመለስሽ በኋላ ራስሽን እየባሰ ካመመሽ፣ ካስመለሰሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለሽ፣ አንድ ጎንሽ ከደነዘዘ፣ ሆድሽ ካበጠ፣ ወይም እርጉዝ ሆነሽ ደም ካየሽ በዚያው ሰዓት ተመልሰሽ ሂጂ። «ነገ አያለሁ» አትበይ።

«ሹፌሩ ነበር በይ» ሲሉሽ

አንዲት እህት ደውላልኝ ነበር። የቤቱ ልጅ፣ ፈቃዱ የታገደበት፣ ሌላ መኪና ይገጫል። ፖሊስ ሳይደርስ ቤተሰቡ ይደርሳል። ሹፌሩን በሌላ መኪና ያመጡና «እሱ ነበር የሚነዳው በይ» ይሏታል። ሹፌሩ እንደሷ ስደተኛ ነው፣ አገሩ ልጆች አሉት። እሷም «እምቢ ብል ያባርሩኛል፣ እሺ ብል ሰውየው ይታሰራል» ብላ አለቀሰች። ያልኳት ይኸንን ነው፦ ያላየሽውን አትናገሪ፣ ያየሽውን አትለውጪ። ፖሊሱ ሲጠይቃት በአጭሩ «ዋለድ ካን የሱግ» አለች፣ ልጁ ነበር የሚነዳው። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ለምን እንዲህ እንደምመክር ላስረዳ። አንደኛ፣ ውሸት ምስክርነት ሲገለጥ የሚጠየቀው ተናጋሪው ነው። ዛሬ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ካሜራ ነው። ሁለተኛ፣ «ልጃችን ዕድሜ ልኩን ይጠፋል» የሚሉሽ እውነት አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የራሱ የታዳጊዎች ሕግ አለው፤ እንደ አዋቂ አይታይም። ሹፌሩ ግን አዋቂ ነው፣ አንቺም አዋቂ ነሽ። ልጁ ከሚጠብቀው የበለጠ የሚጠብቀው እናንተን ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ ጥፋቱ ከተመዘገበ ይታገዳል፣ ካልተመዘገበ ነገም ያደርስሻል።

ከዚህ የባሰም አለ። «አንቺ ነበርሽ የምትነጂው በይ» የተባለች እህት ብትኖር መልሱ አንድ ነው፦ «አና ማ አዕሪፍ አሱግ፣ አና ራኪባ»። መንዳት አልችልም፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ። መንጃ ፈቃድ የሌለሽ ሰው መንዳትሽን ካመንሽ ያለ ፈቃድ መንዳትንም አምነሻል ማለት ነው።

የማታነቢውን ዐረብኛ ወረቀት አትፈርሚ፣ ጣትሽንም አታሳርፊ። «ሙተርጂም» በይ፣ አስተርጓሚ ማለት ነው።

ኢንሹራንሱና ደሞዝሽ

በሳዑዲ መኪና ሁሉ ቢያንስ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሊኖረው ግድ ነው። ነጂው ዕድሜው ያልደረሰ፣ ፈቃድ የሌለው ወይም ፈቃዱ የተያዘ ከሆነ ኢንሹራንሱ ለተጎዳው ሰው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከመኪናው ባለቤት ወይም ከነጂው መልሶ መጠየቅ ይችላል። ቤተሰቡ ነጂውን ለመለወጥ የሚሯሯጥበት ትልቁ ምክንያት ይኼ ነው። ለአንቺ የሚያስፈልግሽ ትርጉሙ፦ ልጁ ፈቃድ ስለሌለው ብቻ «ላንቺ የሚከፈል ነገር የለም» ቢሉሽ ወዲያው አትመኚ፤ የሕክምና ወረቀትሽን ይዘሽ ጠይቂ።

ልጁ ያመጣው ቅጣት፣ የመኪናው ጥገና፣ የታፍሂጡ 20,000 ሪያል ካንቺ ደሞዝ የሚቆረጥበት ምንም ምክንያት የለም። ከደሞዝ መቁረጥ የሚቻለው አንቺ ራስሽ ሆን ብለሽ ወይም በቸልተኝነት ላጠፋሽው ነው፤ እሱም በልክ። ቢቆርጡብሽ ቀኑንና መጠኑን ጻፊ፣ ለሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር በ19911 ደውለሽ ጠይቂ። ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤትም አለ።

አሠሪሽ «መንጃ ፈቃድ አውጪና አንቺ ልጆቹን አመላልሺ» ካለችሽ ውልሽ ላይ ምን እንደተጻፈ እዪ። ሹፌርነት የተለየ ሥራ ነው። ብትስማሚ እንኳ በሥራ ዓይነት፣ በደሞዝና በኢቃማ ተስተካክሎ፣ የሳዑዲ ፈቃድ በስምሽ ወጥቶ ይሁን። ያንኑ ነጥብ የሚቆጠርብሽ አንቺ ትሆኛለሽ።

የካራንቲና ልጆቻችን

ይህን ክፍል ለእናቶች ነው። ካራንቲና ስሟን ያገኘችው ከሐጃጆች የጤና ማቆያ ነው፤ ወደቡና የፔትሮሚን ማጣሪያ አጠገቧ ስለነበሩ ጭነት መኪና የማይጠፋባት ሰፈር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የጀመረው የማፍረስ ሥራ ብዙ ቤት ቢያጠፋም ልጅ ያሳደጉባት እናቶች ዛሬም ካራንቲና ነው የሚሏት፣ በየሰፈሩ ቢበተኑም። እዚያ የተወለዱ ልጆቻችን አሁን 15፣ 16፣ 17 ዓመት ሆነዋል። ዐረብኛው አፋቸውን የፈቱበት ነው፣ ጓደኞቻቸው ይነዳሉ፣ እነሱም መኪና ወይም ሞተር ይዋሳሉ።

ለነሱ ደንቡ ይበልጥ ይከብዳል። የሳዑዲው ልጅ ሦስት ወር ታግዶ ይመለስለታል። ኢቃማ የሌለው ልጅ ግን የሚታገድ ፈቃድ የለውም፤ የሚመለስለት ነገርም የለም። አንድ ጊዜ ሲያዝ የሚጠየቀው ስለ ቀይ መብራቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ወረቀቱም ነው፣ ጉዳዩም ወደ እናቱ ይመጣል። ኢቃማ ያለው ልጅሽ ከሆነ ኢቃማው እንዳያልፍበት ተጠንቀቂ፣ 17 ወይም 18 ሲሞላው በደንቡ ይሂድ፤ የትራፊክ ቅጣት ካለበት ደግሞ ይክፈል፣ ካልከፈለ ፈቃዱ አይወጣም አይታደስም። ሰው ሲያዋሰው «ለመካ መንገድ አድርሰኝ» የሚለውን ጓደኛ እምቢ እንዲል አስተምሪው። መካና ጅዳ መካከል ያለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለልምምድ የሚሆን አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

እህቶቼ፣ ይህን ጽሑፍ አንብበሽ ከጨረስሽ ስልክሽ ላይ አራቱን ቁጥር መዝግቢ፦ 911፣ 997፣ 993፣ 19911። ማንበብ የማትችል እህት ካለችሽ ደግሞ ድምፅ ቀድተሽ በኢሞ ላኪላት። ነገ ከነማን ጋር መኪና ውስጥ እንደምትገባ አናውቅምና ዛሬውኑ ትስማው።